ምርቃትና ደቦ፦ ነጻ ሶፍትዌር ዋጋ ሲወጣለት

በነጻ ሲሠራበት የኖረ ሶፍትዌር አንድ ቀን ዋጋ ሲወጣለት የተጠቃሚው ቁጣ ብዙ ጊዜ ከተጠየቀው ገንዘብ ይበልጣል። ክፍያው ለበጀቱ ከቁጥር የማይገባ ድርጅት “ተከዳሁ” ብሎ ይጮኻል፤ በሌላ በኩል ለሶፍትዌር አንድ ብር አውጥቶ የማያውቅ ሰው ድምፁን ሳያሰማ አሮጌውን ስሪት ይዞ ይቀመጣል። ነገሩን ለመረዳት “ነጻ” የሚለው ቃል ለእያንዳንዱ ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ነጋዴ እህል ሰፍሮ ሲያበቃ ከላይ ጣል የሚያደርጋት እፍኝ ምርቃት ትባላለች። በሚቀጥለው ገበያ ባይጨምር ደንበኛው ፊቱን ያጠቁር ይሆናል፤ የሚከስበት ነገር ግን የለውም፤ እህሉም ስፍሩም የነጋዴው ነበር። በደቦ የተሠራ የእግረኛ ድልድይ ሌላ ነው። አንዱ እንጨት፣ ሌላው ድንጋይ፣ ሌላው ጉልበቱን ያዋጣበት ድልድይ ላይ ከሠሪዎቹ አንዱ ኬላ አቁሞ ቀረጥ ቢጠይቅ መንደሩ የሚቆጣው በሳንቲሙ መጠን አይደለም። ከኩባንያዎች በነጻ የሚመጣው አብዛኛው ነገር፣ ለምሳሌ የኢሜይል አገልግሎት ወይም በስልክ ላይ ተጭኖ የሚመጣ የአማርኛ ኪቦርድ፣ ምርቃት ነው። ኦፕን ሶርስ የሚባለው ሶፍትዌር ግን ቢያንስ በስሙ ደቦ ነው።

ኦፕን ሶርስ ማለት ኮዱ ለማንም የተገለጠ፣ ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና መልሶ ሊያከፋፍለው የሚችል ማለት ነው። ዋጋ አለመጠየቁ የዚህ ውጤት እንጂ ፍቺው አይደለም፤ እንዲያውም ፈቃዶቹ መሸጥን አይከለክሉም። አንዴ በክፍት ፈቃድ የወጣ ስሪት ደግሞ ተመልሶ አይነጠቅም። የሚለወጠው የሚቀጥለው ስሪት ፈቃድ ነው፤ እሱንም መለወጥ የሚችለው የኮዱን የቅጂ መብት ጠቅልሎ የያዘ ወይም ገና ከጅምሩ ልል ፈቃድ የመረጠ ወገን ብቻ ነው። ሊነክስን ዘግቶ መሸጥ የማይቻለው ለዚህ ነው፤ መብቱ በሺዎች በሚቆጠሩ ጸሐፊዎች መካከል ተበትኗል፤ ሁሉንም ሰብስቦ ማስፈረም አይቻልም። ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት ግን ባለቤቱ አንድ ኩባንያ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2008 በአንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለሰን ማይክሮሲስተምስ ተሸጠ፤ በ2010 ሰን ራሱ በኦራክል ተጠቀለለ። የመጀመሪያው ደራሲ ሚካኤል ቪዴኒየስ የሚሆነውን ቀድሞ ጠርጥሮ ኮዱን ገልብጦ ማሪያዲቢን ጀመረ። ባለሙያዎች ይህን “ፎርክ” ይሉታል፤ ኮዱን ከነታሪኩ ይዞ በሌላ ስም መቀጠል ማለት ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ከሁሉም የቀረበው ምሳሌ ምናልባት ኮሃ ነው። በርካታ የሀገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚመዘግቡበትና የሚያውሱበት ይህ ሶፍትዌር የተሠራው በኒውዚላንድ ሆሮፌኑዋ በተባለ አካባቢ ላለ አነስተኛ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ነባሩ ፕሮግራማቸው እ.ኤ.አ. 2000ን መቁጠር እንደማይችል ሲታወቅ፣ አዲስ ለመግዛት አቅም ያነሳቸው የቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች ካቲፖ የተባለ የኒውዚላንድ ድርጅት እንዲሠራላቸው አደረጉ። ሥራው በጥር 2000 መጀመሪያ ተመረቀ፤ ኮዱም ጂፒኤል በሚባለው ክፍት ፈቃድ ለዓለም ተለቀቀ። “ኮሃ” በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው፤ ሰጪና ተቀባይን የሚያስተሳስር፣ ምላሽ የሚጠበቅበት ስጦታ።

ስጦታው ተቀባይ አላጣም። በአሜሪካ ኦሃዮ ያለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለማሻሻያው ገንዘብ አወጣ፤ ፈረንሳዮች ጨመሩበት፤ ተርጓሚዎች በየቋንቋቸው አዘጋጁት። ላይብላይም የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከካቲፖ የኮሃን ሥራ በ2007 ከገዛ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። በ2009 ኩባንያው ለራሱ ደንበኞች ብቻ የሚሆን የተለየ ኮሃ ማዘጋጀቱን አስታወቀ። ጂፒኤል የሚያስገድደው ፕሮግራሙን ቅጂ አድርጎ ለሌላ የሚሰጠውን እንጂ በራሱ ሰርቨር አስቀምጦ አገልግሎቱን የሚሸጠውን ስላልሆነ በሕግ ጥሶታል ማለት ያስቸግር ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች ግን የፈቃዱን አንቀጽ ሲቆጥሩ አልተቀመጡም። የድረ ገጹ ስምና መለያው በኩባንያው እጅ ስለነበር አዲስ አድራሻ ከፈቱ፣ ኮዱን ይዘው ወጡ፣ የሥሪቱን ኃላፊነት በምርጫ አደሉ። ላይብላይምን በ2010 የገዛው ሌላ ኩባንያ “ኮሃ” የሚለውን ስም በኒውዚላንድ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ሲሞክር ደግሞ ያቺ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ለጠበቃ የሚሆን መዋጮ ለዓለም ጠየቀች። የምዝገባ ጥያቄው በመጨረሻ ውድቅ ሆነ። ዛሬ በኢትዮጵያ ቤተ መጻሕፍት የሚሠራበት ኮሃ ያ ተገንጥሎ የወጣው፣ ማለትም ዋናው ነው። ክርክሩ ስለ ዋጋ ሆኖ አያውቅም፤ ስጦታውን ማን በስሙ ይጠራዋል የሚል ነበር።

ከዚያ በፊትም በኋላም ተመሳሳይ ታሪኮች አሉ። የፊንላንዱ ታቱ ኢሎነን በ1995 ያወጣው ኤስኤስኤች ወደ ንግድ ሲያዘነብል ኦፕንቢኤስዲ የተባለውን ክፍት ሥርዓተ ክወና የሚሠሩ ሰዎች የቀድሞውን ነጻ ስሪት አንስተው በ1999 ኦፕንኤስኤስኤችን አወጡ፤ ዛሬ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ከሩቅ የሚገባው በዚሁ ነው። የኮምፒውተር መረብ ቀዳዳ የሚፈትሸው ኔሰስ በ2005 ኮዱን ሲዘጋ ኦፕንቫስ ተወለደ። ከ2018 ወዲህ ደግሞ ጎርፉ ጨመረ፤ በባለሙያዎች ዘንድ የታወቁት ሞንጎዲቢ፣ በ2021 ኢላስቲክሰርች፣ በነሐሴ 2023 ቴራፎርም፣ በመጋቢት 2024 ሬዲስ ፈቃዳቸውን አጠበቁ። የተጠቃሚዎች መልስም እየፈጠነ መጣ። የሬዲሱ ፎርክ ቫልኪ በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ በሊነክስ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር ተጀመረ።

የባለቤቶቹም ቅሬታ ባዶ አይደለም። ኔሰስን የዘጉት ሰዎች ለዓመታት ኮድ ያዋጣላቸው ሰው ጥቂት እንደነበረና ተፎካካሪዎቻቸው ግን የነሱን ሥራ ሳጥን ውስጥ ከተው እንደሚሸጡ ተናግረዋል። የኢላስቲክሰርች ባለቤት የሆነው የኢላስቲክ ኩባንያ ክስ በአማዞን ላይ ነበር፤ ኮዱን በነጻ ወስዶ አገልግሎቱን በኪራይ ያቀርባል በሚል። ደቦ የጠራው ሰው ብቻውን ሲያጭድ ውሎ ጎረቤት ነዶውን ተሸክሞ ሲሄድ ቢያይ መማረሩ አይገርምም። ግን ቅሬታው ግማሽ እውነት ነው። እነዚህ ኩባንያዎች ገበያ የያዙት ነጻ ስለነበሩ ነው፤ ክፍያ ጠይቀው ቢጀምሩ ኖሮ የሚዘጉት በር ራሱ አይኖራቸውም ነበር። ኢላስቲክ በ2024፣ ሬዲስም በ2025 ክፍት ፈቃድ መልሰው መጨመራቸው ስሌቱ እንዳሰቡት እንዳልሄደ ያሳያል።

ፎርክ ግን እጅ ይፈልጋል። ኮዱን መገልበጥ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ማቆየቱ ግን ደመወዝ የሚከፈላቸው ባለሙያዎች ለዓመታት ይጠይቃል። ቫልኪ የተሳካው አማዞንና ጎግልን የመሰሉ ግዙፎች ሠራተኞቻቸውን ስላሰለፉበት ነው። ቁጣ ብቻ ይዘው የተነሱ ብዙ ፎርኮች በጥቂት ወራት ከስመዋል፤ ስማቸውንም የሚያስታውስ የለም። ስለዚህ ተጠቃሚው ከሚሰጣቸው መልሶች ሁሉ የተለመደው ጩኸትም ፎርክም አይደለም፤ በአሮጌው ስሪት መቆየት ነው። በኢትዮጵያ ነገሩ እንዲያውም እዚህ ላይ ይጀምራል ማለት ይቻላል።

ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለችው የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ከተማ ጥሊሊ እንደ ማንኛውም የወረዳ ከተማ የራሷ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች አሏት። ማመልከቻ፣ ውል፣ ቃለ ጉባኤ፣ የትምህርት ቤት ፈተና የሚጻፈው እዚያ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ ደንበኛው ከዓመታት በፊት የተጻፈ ውል በፍላሽ ይዞ ይመጣል። ጸሐፊዋ ፋይሉን ስትከፍት በአማርኛው ፈንታ የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ምልክት ተዘበራርቆ ገጹን ሞልቶታል። “ፎንቱ የለም” ትላለች። ከጎረቤት ቤት ፎንት በፍላሽ ይመጣል፤ ይጫናል፤ ፋይሉ ሲከፈት ርዕሱ ይስተካከልና የታችኛው አንቀጽ እንደተዘበራረቀ ይቀራል፤ እሱ ደግሞ በሌላ ፎንት የተጻፈ ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ለዓለም ፊደሎች የጋራ ቁጥር ከሚሰጠው ዩኒኮድ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች “ሀ”ን “ሀ” ብለው አያስቀምጡም ነበር። በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የአንድ ላቲን ፊደል ቁጥር ነው፤ ያንን ቁጥር “ሀ” አስመስሎ የሚሥለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ሲጠፋ ጭምብሉ ይወልቃል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አቶ ፍስሐ አጥላው በአሜሪካ የመሠረቱት ዳሽን ኢንጂነሪንግ፣ ዶክተር አበራ ሞላም በኮሎራዶ የጀመሩት ሥራ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ውስጥ የተነሱት ቪዥዋል ግዕዝ፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን አጋፋሪ፣ የኮንሰፕትስ ዳታ ሲስተምስ ፓወር ግዕዝ የሀገሪቱን ጽሕፈት ከታይፕራይተር ወደ ኮምፒውተር ያሻገሩ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን የየራሳቸው የቁጥር ድልድል ስለነበራቸው በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። ተጠቃሚው ሳያውቀው ጽሑፉን አስይዞ ነበር። ዋጋ ቢጨምርበት ወይም አምራቹ ሥራውን ቢተው ይዞት የሚወጣው ነገር የለውም።

ከዚሁ ጎን በነጻ የተሠራ ሥራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ የግዕዝን ፊደል በተራ የላቲን ቁልፎች የሚጽፉበትን ሴራ የተባለ ሥርዓት አዘጋጅተው ለማንም ክፍት አደረጉ። ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የራሱን ቁጥሮች ሲያገኝ ነገሩ ከሥሩ ተለወጠ፤ “ሀ” የየትኛውም ኩባንያ ያልሆነ ቋሚ ቁጥር አገኘች። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው ፎንትም ለብቻው ነጥሎ መሸጥን በሚከለክል ክፍት ፈቃድ ወጣ። ዶክተር አበራ ሞላ በ2015 ያገኙት የአሜሪካ ፓተንት ፊደሉን ራሱን የሚመለከት አይደለም፤ ፊደሉን በቁልፍ የማስገባት ዘዴን ነው። ይህን ልዩነት ብዙ ሰው ያደበላልቀዋል።

በተቃራኒው አቅጣጫ የተጓዘም አለ። አውስትራሊያዊው ማርክ ደርዲን በ1993 ለላኦ ቋንቋ የጀመረው ኪይማን ለዓመታት ሙሉው እትም የሚሸጥ ፕሮግራም ነበር። በ2015 ኤስአይኤል ለተባለው የቋንቋ ድርጅት ተላለፈ፤ በ2017 ኮዱ ተከፍቶ ለሁሉም ነጻ ሆነ። በሚሸጥበት ጊዜ ሲማረር የነበረው ተጠቃሚ ነጻ ሲሆን ደስታውን ያሰማበት ጊዜ ግን ትዝ አይልም፤ ዋጋ ሲወጣ እንጂ ሲቀር የሚጮህ የለም። ለአማርኛ ጸሐፊ ለውጡ ያን ያህል አልነበረም፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የአማርኛ ኪቦርድና ኒያላ የተባለው ፎንት ከኮምፒውተሩ ጋር ይመጡ ነበር። የተጠቀሙት ምርቃት ያልደረሳቸው ቋንቋዎች ናቸው። አዊኛ በአፍንጫ የሚወጣውን የ“ንግ” ድምፅ የሚጽፈው በ“ገ” ላይ ምልክት ተጨምሮበት በተሠራው “ጘ” ነው። አማርኛን ብቻ አስቦ በተሠራ ኪቦርድ ይህን ፊደል ማግኘት ያስቸግራል፤ በአዊኛ ፈተና የሚያወጣ መምህርም አንዳንዴ በእጁ ጽፎ ይሞላዋል። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በኪይማን ላይ ያዘጋጃቸው ኪቦርዶች ግን አዊኛን፣ ብሊንንና ኽምጣናን ጭምር ይዘዋል። ለአዊኛ ኪቦርድ ገበያ አጥንቶ ገንዘብ የሚያወጣ ኩባንያ አይታሰብም፤ ደቦ ግን ይህን ይሠራል።

ወደ ጽሕፈት ቤቱ እንመለስ፤ ምርቃትም ደቦም ያልሆነ ሦስተኛ ዓይነት “ነጻ” የሚገኘው እዚያ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ዊንዶውስ፣ ኦፊስ፣ ፎቶሾፕና የአማርኛ መጻፊያ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የመጡ ናቸው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደማንኛውም የድርሰት ሥራ ይጠብቃል፤ በወረዳ ከተማ የጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ግን አዋጁ ሲጠቀስ አይሰማም። በዚህ ምክንያት ክፍት የሆነውና ቁልፉ ተሰብሮ የተገለበጠው በአንድ ዓይን ይታያሉ። ክፍት የጽሕፈት ፕሮግራም የሆነው ሊብረኦፊስ በሕግ ነጻ ነው፤ የተሰበረው ኦፊስም “ነጻ” ነው፤ ታዲያ እጅ የለመደውን ትቶ አዲስ መማር ለምን? የክፍት ሶፍትዌር ትልቁ ተፎካካሪ በኢትዮጵያ የሚከፈልበት ሶፍትዌር አይደለም፤ የተገለበጠው ነው።

የተጠቃሚው ዝምታ ምንጭም ይኸው ነው። በፍላሽ የወሰደ ሰው ዋጋ ቢጨምር አቤት የሚልበት ደጅ የለውም። የሚያደርገው ኢንተርኔቱን ነቅሎ፣ አፕዴቱን ዘግቶ፣ የዛሬ አሥር ዓመቱን ስሪት ማቆየት ነው። ያ ስሪት ለዓመታት ያልተደፈኑ ቀዳዳዎች አሉት፤ ከፍላሽ ፍላሽ የሚዞረው ቫይረስ ከዚህ ቤት ወደ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሻገራል። ሂሳቡ በብር አይጻፍም እንጂ ይከፈላል፤ የጠፋ የተማሪዎች ውጤት ዳግመኛ ሲጻፍ የሚያልፈው ሌሊት ከዚያ ይቆጠራል።

መክፈል የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሌላ ግድግዳ ይገጥመዋል። የሶፍትዌር ኪራይ የሚጠየቀው በዶላር ነው፤ ወደ ውጭ ለመክፈል የሚያስችል ካርድ ያለው ጥቂት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወር አሥር ዶላር የሚያስከፍል ፕሮግራም ዋጋውን አንዲት ሳንቲም ሳይነካ ከ570 ብር ወደ ሺህ ብር ተሻገረ። ሻጩ ምንም አላደረገም፤ ገዢው ግን እጥፍ ገደማ ከፈለ።

ፈቃዱ ሳይነካ አገልግሎቱ ብቻ ዋጋ የሚወጣለትም አለ። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የሚሠሩ የጤና ተማሪዎች መጠይቃቸውን የሚያስሞሉበት ኮቦ ቱልቦክስ ለዚህ ይጠቀሳል። መረጃ ሰብሳቢዎች ስልክ ይዘው ቀበሌ ለቀበሌ ይዞራሉ፤ መረብ በሌለበት ይሞላሉ፤ ከተማ ሲደርሱ ይልካሉ። ኮዱ ዛሬም ክፍት ነው። የተገደበው ድርጅቱ በራሱ ሰርቨር የሚሰጠው ነጻ አገልግሎት ነው፤ ከተወሰነ መጠን በላይ የሚጠቀም ይከፍላል። አንድ ጥናት ሠርቶ ለሚያበቃ ተማሪ ልዩነቱ አይሰማውም። ዓመቱን ሙሉ መረጃ የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት ግን ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ መክፈል ወይ ሰርቨሩን ራሱ ተክሎ ማስተዳደር። ሁለተኛው በወረቀት ላይ ነጻ ነው፤ በተግባር ግን ባለሙያ፣ መብራትና መጠባበቂያ ጄኔሬተር ይጠይቃል።

ይህ በትልቁ የሚታየው በጤና መረጃ ሥርዓቱ ነው። ጤና ጣቢያዎችና የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች የክትባት፣ የወሊድና የወባ ሪፖርታቸውን የሚያስገቡበት ዲኤችአይኤስ2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ፣ በክፍት ፈቃድ የሚሰራጭ ሶፍትዌር ነው። የሚሠራበት ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋትም የማንም የግል ንብረት አይደለም። ከፈቃድ አንጻር አስተማማኝ ነው፤ አንዴ የወጣው ስሪት ተመልሶ አይነጠቅም። ነገር ግን ሥልጠናው፣ ሰርቨሩ፣ ስሪቱን ከኢትዮጵያ የቀን አቆጣጠርና ከሪፖርት ቅጾች ጋር የሚያስማማው ባለሙያ ደመወዝ በከፊል በውጭ ርዳታ ሲሸፈን ቆይቷል፤ በዲጂታል ጤና ሥራው የአሜሪካው የርዳታ ድርጅት የዩኤስኤአይዲ ድርሻ ቀላል አልነበረም። ዩኤስኤአይዲ በ2025 ሲዘጋ የዲኤችአይኤስ2 ፈቃድ አንድ ቃል አልተለወጠበትም። ሂሳቡ ግን አልተዘጋም፤ ሌላ ከፋይ መፈለግ ግድ ሆነበት።